አሥራ አምስተኛው ጩኸት

የድምፅ ባለሙያው ያለምዘውድ ደብረ ማርቆስ ባለው ስቱዲዮው ውስጥ በማይክ መቆሚያ ብረት አናቱን ተመትቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ማርያማዊት ከሬሳው ይልቅ የመቅጃ ክፍሉን ግድግዳ ነበር የምትደባብሰው። ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ ተለጥፎበታል።

«መቼ ሞተ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ» አለ ዳይሬክተሩ ዓለምነው። «ሦስታችንም ከመንገዱ ማዶ ምሳ ላይ ነበርን፤ ኡኡታውን በጆሯችን ሰማን! ሮጠን ብንመጣ ምን ዋጋ አለው?»

«ከጩኸቱ በኋላ የከባድ መኪና ጥሩምባ ነበር» አለች ተዋናይዋ ፍቅርአዲስ እንባዋን እየጠረገች።

ማርያማዊት ከፊተኛው ክፍል በመስኮት አየች። መንገዱ ለኮብልስቶን ተቆፋፍሮ እንኳን ከባድ መኪና አህያም አያሳልፍም! ሦስተኛው፣ የፊልም አቀናባሪው ገብረ ሚካኤል፣ ጥግ ይዞ ዝም ብሏል።

ምግብ ቤቱ ሄዳ አስተናጋጇን አለሚቱን ጠየቀቻት።

«ኧረ እመቤቴ፣ ሁሉም ብድግ! እኔም ትሪዬን ጥዬ ሮጥሁ። ያ ዝምተኛው ብቻ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ቀረ። እንዲያውም የደፈነው ጩኸቱ ሳይመጣ ነው። ራሱን ያመመው መስሎኝ ነበር።»

ማርያማዊት ከሰዓቱን የስቱዲዮውን አሥራ አራት ፊልሞች እያዘለለች ስታይ ዋለች። አይ ጉድ! በሽፍታውም፣ በፍቅሩም፣ በቀልዱም ፊልም ሰው በሞተ ቁጥር የሚጮኸው አንድ ሰው ነው፤ የጩኸቱ መጨረሻ ላይም ያው ጥሩምባ አለ።

በማግስቱ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ስፖንጅ የለበሰ ክፍል በሩ ከተዘጋ ድምፅ አያወጣም። እናንተ የሰማችሁት የፊተኛውን ክፍል ስፒከር ነው። ገዳዩ ስድስት ሰዓት ላይ ገደለው። ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ሰዓት ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ የፊልማችሁን ጩኸት ቀጥሎ አስነሳውና ምሳ ወጣ። እናንተ ያለምዘውድ በሩን ዘግቶ የሚቀዳ መሰላችሁ። ሳይሰማ ጆሮውን የሚደፍን ግን ጩኸቱ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ ነው። ገብረ ሚካኤል፣ መስማት አቃተህ አይደል?»

«የወንድሜ ድምፅ ነዋ!» ገብረ ሚካኤል ከመቀመጫው ተነሣ። «አድማሴ በደጀን ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦበት ሲያጣጥር፣ ይሄ አረመኔ የመኪና ድምፅ ሊቀዳ እዚያው ቆሞ ነበር። እጁን አልዘረጋለትም፤ ማይኩን ነው የዘረጋለት! እኔ ጅሉ አሥራ አራት ጊዜ በገዛ እጄ ቆርጬ ለጥፌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሙሉውን ቅጂ አገኘሁት። ‹ገብሬ› እያለ ስሜን ይጠራል። አልጸጸትም፤ ቢነሣ ደግሜ እገድለዋለሁ!»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገቡለት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ያን ድምፅ ያጥፉልኝ።»

«አልችልም፤ ማስረጃ ነው። ችሎት ፊት ይከፈታል» አለች ማርያማዊት።

ገብረ ሚካኤል ሁለት ጆሮዎቹን ሊደፍን እጆቹን አነሣ። የካቴናው ሰንሰለት አጭር ነበርና ለአንዱ ጆሮ ብቻ ደረሰለት።