ቀይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ማጭድ

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለና ሰውየው ተቀመጠ።

ቀጣዩም ተነሥቶ ያንኑ ደገመ። ከሱ ቀጥላ ያለችው ሴትዮም እንዲሁ። ከገሳይ ከተማ በላይ ያለው መንደር ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ሣሩ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። አውጫጭኝ ነው፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ማጭድ የሚይዝ ልጅ ሁሉ ሳይቀር ተጠርቷል። የደረሰ ገብሱ ማሳ ላይ እየረገፈበት ቁጭ ብሎ የሚውል ገበሬ ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖረው መገመት አያቅትም። ያ ፊት ሁሉ ደግሞ የዞረው ወደ ጥሩወርቅና ወደ አባቷ ወደ ዓለምነው ነበር።

ጥሩወርቅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከነጠላዋ ሥር ማጭድ ደብቃለች።

ነገሩ የተጀመረው በክረምቱ መግቢያ ነው። ቃለአብ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ከደብረ ታቦር መጥቶ ከአባቷ ማሳ ጥግ ቁራሽ መሬት ለመነ። መሬቱን በገመድ ከፋፍሎ በየመደቡ የተለያየ የስንዴ ዘር ዘራ፤ በየመካከሉ ደግሞ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ቶሎ የሚይዘውን አሮጌ ዘር አስገባበት። ጥሩወርቅ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«በሽታው እንዲመጣ እንፈልጋለን» አላት። «ካልመጣ የትኛው ዘር እንደሚቋቋመው በምን እናውቃለን?»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ለጓደኛዋ ለማሬ እንደ ትልቅ ሚስጥር ነገረቻት። እኛ ማሳ ላይ በሽታ የሚጠራ ስንዴ ተዘርቷል አለቻት፤ ጉራዋን መንዛቷ ነበር። አሁን ያንን ቀን ስታስበው በራሷ ትናደዳለች።

መስከረም ላይ ዋጉ መጣ። አሮጌው ዘር ቢጫ ዱቄት የተነፋበት መሰለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ አንዱ መደብ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ ቆመ። ቃለአብ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፈነደቀ፤ ከዚያ መደብ የሚገኘው ዘር ተባዝቶ ለመንደሩ እንደሚከፋፈል ነገራቸው። ነገር ግን ዋጉ የጎረቤታቸውን የደምሴንም ማሳ መታው። ደምሴ የማሬ አባት ነው። «ዓለምነው በሽታ ዘርቶ ፈጀን» አለ፣ መንደሩም አመነው። ቃለአብ ዋግ በነፋስ ከሩቅ እንደሚመጣ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰው ገበያ ውሎ ሲመለስ የሙከራው ስንዴ በሙሉ ታጭዶ ተገኘ፤ አረንጓዴውም ጭምር። ቀድማ የደረሰችው ጥሩወርቅ ነበረች። ከታጨደው መሀል እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ አየች። ጨርቁን የጠቀለለችው ራሷ ናት፤ አምና በወንፈል ሲያጭዱ የማሬ መዳፍ ውኃ ቋጥሮ ነበር። አንሥታ ደበቀችው።

ሰኞ ትምህርት ቤት ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«ማጭድሽ እኔ ጋ ነው።»

«የምን ማጭድ?» አለች ማሬ።

«አትፎግሪኝ።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ?» ማሬ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በሽታ የሚጠራ ስንዴ ያልሽኝ አንቺው ነሽ። የኛን ማሳ አይተሽዋል? ገለባ ብቻ ነው። አባቴ እንቅልፍ የለውም። ዝም ብዬ ልየው?»

«አረንጓዴውስ ምን አደረገሽ? ለከርሞ የናንተም ዘር እኮ እሱ ነበር።»

ማሬ ይህን እንዳላሰበችው ፊቷ ላይ ታየ። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «ተናገሪ፣ የሚያምንሽ ካገኘሽ። ሰው ሁሉ አባትሽ ራሱ ነው ያጨደው እያለ ነው» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት።

እውነቷን ነበር። ዓለምነው ሙከራው አሳፍሮት ራሱ አጭዶ በሌላ ሊያላክክ ነው ይባል ነበር። ለገብስ አጨዳ ወንፈል ቢጠራ አንድም ሰው አልመጣለትም። ከአባቷና ከእናቷ ጋር ብቻቸውን ሲያጭዱ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ «በርቱ» እንኳን ሳይላቸው ያልፋል። አባቷ አንገቱን ደፍቶ ሲያጭድ ባየችው ቁጥር ጥሩወርቅ ማሬን ጠላቻት።

«በአደባባይ መናገር የፈራ» አሉ ስብሰባውን የሚመሩት አባ ዘውገ፣ «ከአጥሩ ኋላ መጥቶ በጆሮዬ ይንገረኝ። ወፍ ነገረችኝ እላለሁ፤ ስሙን አላነሣም።»

የቆየ ልማድ ነው። ጥሩወርቅም ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ወፍ ለመሆን ቆርጣ ነበር። ማሬ ግን ዘግይታ መጥታ፣ ቦታ ጠፍቶ፣ እሷው አጠገብ ተቀምጣለች። የቀዩን ጨርቅ ጫፍ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ወፍ ልትሆኚ ነው?» አለች በሹክሹክታ። ጥሩወርቅ ማጭዱን ወደ ነጠላዋ ሥር ገፋ አደረገችው።

«ምን ያስቀምጠናል?» አለ ደምሴ ከወዲያ ማዶ። «ያጨደው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።»

ዓለምነው ተነሣ። «እኔ እጄን አላነሣሁም» አለ። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ምራቁን ጢቅ አደረገ። አባቷ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከአጥሩ ኋላ መሄድ ትችላለች። አባቷ ነጻ ይወጣል። ማሬ ግን አፏን ሳትከፍት ትያዛለች፤ ጥሩወርቅ ራሷ ጉራ የነዛችበት ቀንም ከወፏ ጋር ተደብቆ ይቀራል። ጥሩወርቅ ይህን አልፈለገችም። ማሬ በገዛ አፏ፣ አባቷን እያየች እንድትናገረው ፈለገች። ለማሬ አዝና አልነበረም።

«ጥሩወርቅ ዓለምነው» አሉ አባ ዘውገ።

ማጭዱን በነጠላዋ ሥር አሳልፋ ማሬ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ተነሣች።

«አባ፣ በሽታ የሚጠራ ስንዴ ዘርተናል ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ያጨደውንም አውቃለሁ። ግን ወፍ አልሆንም። ቀጣዩ ተራ የማሬ ነው፤ መጀመሪያ እሷ ትናገር። እሷ ካላወቀች እኔ እዚሁ ሰው ፊት እናገራለሁ።»

ተቀመጠች።

«ማሬ ደምሴ» አሉ አባ ዘውገ።

ማሬ ማጭዱን እንደያዘች ተነሣች። ደምሴ ቀዩን ጨርቅ ሲያይ የልጁን ማጭድ ለየው። «ያጨድኩት እኔ ነኝ» አለች አባቷን እያየች። በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ከማሬ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አሉ። ጥሩወርቅ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።