ከእሜቴ ሆድ ሥር

መቶ አለቃ አሰግደው ጠዋት ሃንጋሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ክንፉን ወይም ሞተሩን አይደለም፤ ወለሉን ነው። አሮጌ አውሮፕላን ሕመሙን የሚናገረው ከሥሩ ነው ይላል፤ ስለዚህ የቱታውን ቁልፍ እንኳ ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ይገባና ሌሊቱን ምን ሲንጠባጠብ እንዳደረ ያያል። ጠብታውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያሸዋል፣ ያሸተዋል፣ ካልገባው ደግሞ በምላሱ ጫፍ ይቀምሰዋል። ነዳጅ ያቃጥላል፣ የሞተር ዘይት ይመራል፣ የሃይድሮሊክ ዘይት ቀይ ስለሆነ ምላስም አያስፈልገውም። ወጣቶቹ መካኒኮች ሲቀምስ ባዩት ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ያጨማድዱ፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራውን የበላው በዚሁ ምላስ ነው።

አውሮፕላኗ እንግሊዝ ሠራሽ የድሮ ቦምብ ጣይ ጄት ናት። አብራሪው ከፊት በመስታወት ጉልላት ሥር ይቀመጣል፤ መንገድ መሪው ደግሞ ከአብራሪው ጀርባ፣ መስኮቷ መዳፍ በምታክል ጨለማ ክፍል ውስጥ። የድሮ ጄት የሚወዱ ሰዎች ማኅበር መሥርተው፣ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሃንጋር ውስጥ፣ ከወዳደቁ አውሮፕላኖች አካል እየለቃቀሙ ነፍስ ሊዘሩባት ሲታገሉ ከርመዋል። ክንፏ ከአንዷ፣ ጭራዋ ከሌላዋ መጣ፤ ሆዷ ግን ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ደህና ውላ ድንገት ስለምታኮርፍ መካኒኮቹ «እሜቴ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

የምታበራት የአሰግደው አንድዬ ልጅ ሩሐማ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት በመፍቻና በጎማ መሀል ነው ያሳደጋት፤ ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚለው የለውም። ማኅበሩ በሚያሰናዳው የአየር ትርኢት በዓል ቀን ሕዝብ ፊት እሜቴን ይዛ ወደ ሰማይ የምትወጣው እሷ ናት፤ «ትብረር» ብሎ ቃል የሚሰጠው ደግሞ አባቷ። በዚያች ቃሉ ላይ የልጁ ነፍስ እንደተንጠለጠለች ያውቃል፤ ስለዚህ አንዲት ብሎን ሳትቀር እየፈታ መልሶ ያጠብቃል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ከሆዷ ሥር ያገኘው ጠብታ ከሚያውቃቸው አንዱም አልነበረም። ቀለም የለውም፤ ወፍራም ነው፤ ጣቶቹን ሲያላቅቅ እንደ ተልባ ውሃ ይለጠጣል። አሸተተው። ሳይታጠብ ያደረ አፍ ይሸታል። ልማድ ክፉ ነውና ቆም ብሎ ሳያስብ ቀመሰው። ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ከሥሩ የበሰበሰ ጥርስ ጣዕም ያለው ነገር ምላሱን አለበሰው፤ ምን እንደሆነም ምላሱ ከአእምሮው ቀድሞ አወቀ። ልጋግ ነበር። ከጎማው ጀርባ ተንበርክኮ ቁርሱን ሙልጭ አድርጎ አስመለሰ፤ አፉን በውሃ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በአረቄ አጠበ፤ ጣዕሙ ግን ምሳ ሰዓት ላይም አለቀቀውም።

ሩሐማ ስትመጣ አሳያት።

«ዝናብ ገብቶ ከቅባት ጋር ተደባልቆ ነዋ» አለችው።

«ግማቱስ? ይሄ ግማት አይሸትሽም?»

«ኧረ አባዬ፣ እኔ ምንም አይሸተኝም።»

ሳቅ ብላ ወደ አብራሪው ወንበር ወጣች። እሱ ከሥር ቀረ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ብረቱ ሲጢጥ ሲል ሰማ፤ ወዲያው ከሆዷ ስፌቶች መሀል ያ ነገር ክር እየሠራ ይወርድ ጀመር፤ መጀመሪያ አንድ ክር፣ ቀጥሎ ብዙ፣ ወለሉን ነክተው የማይበጠሱ፣ በነፋሱ ወዲያ ወዲህ የሚሉ። ሳፋ አምጥቶ ከሥር አኖረ። ልጁ ከወንበሩ ስትወርድ መንጠባጠቡ ቆመ። ሰውነቱን አሳከከው፤ የገዛ ቆዳውን እንኳ ተጸየፈው።

የተማረ ሰው ነውና ምክንያቱን ፍለጋ ገባ። የሆዷን ክዳኖች አንድ በአንድ ፈትቶ የእጅ ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ። ዝናብ ያልነካው ብረት ላይ ላብ ችፍ ብሎበታል፤ በእጁ ሲዳስሰው ይሞቃል። በየመገጣጠሚያው ያሉት ላስቲኮች ደረቅ መሆን ሲገባቸው አብጠው፣ ቀልተው፣ ጣቱን ሲጫናቸው እንደ ድድ ወደ ውስጥ ይሰረጉዱና ቀስ ብለው ይመለሳሉ። አንድም ፓምፕ ሳይነሳ፣ አንድም ማብሪያ ሳይነካ፣ ከቧንቧዎቹ ውስጥ የሆነ ነገር ጉርጉር እያለ ወረደና ዋጥ ተደረገ። በክረምት ዝንብ የማያርፍበት ነገር የለም፤ እሜቴ ላይ ግን አንዲት ዝንብ አላረፈችም።

ከዚያ የሃንጋሩ ጥበቃ የጋሽ ቱሉ ውሻ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ቡሬን አላዩትም?» አለው ቱሉ ኮፍያውን በእጁ እያሸ። «ጠዋት እትዬ ሩሐማ አጥንት ስትሰጠው አይቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ።»

አሰግደው አላየሁም አለ፤ ልቡ ወለሉ ላይ ነበር። ሳፋው ደረቅ ነው። የእሜቴ ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቅ ነው፤ ጠረኑም የለም። በዚያው ቀን ሞተር ሊሞክሩ አወጧት። ሞተሮቿ የሚነሱት በባሩድ ነው፤ ወትሮ ባሩዱ በከንቱ እየፈነዳ ጥቁር ጭስ ከማልበስ በቀር ሳይሆንላቸው ይውሉ ነበር። ያን ቀን ሁለቱም በመጀመሪያው ፍንዳታ ተነሡ። መካኒኮቹ ተቃቀፉ። «እንዲህ ሆና አታውቅም!» ብሎ አሰግደው ራሱ ጮኸ፤ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው እሱ ነበር።

ሰንበትበት ብሎ ወለሉ ላይ ክሮቹ እንደገና ታዩ። አሰግደው በጎኗ ባለችው በር ገብቶ የመንገድ መሪውን ክፍል ሊፈትሽ ሲንበረከክ፣ ከወንበሩ ሥር እጁ የውሻ ማሰሪያ ነካ። ዘለበቱ እንደተቆለፈ ነው፤ ቆዳው ሙልጭ ብሎ ተልሷል። ከጎኑ ድመት እንደምትተፋው ያለ፣ ነገር ግን ጭንቅላት የሚያክል፣ እርጥብ የፀጉር ድብልብል ተቀምጧል። ከመሀሉ አንድ ጥፍር ብቅ ብሏል። አሰግደው በአፉም በአፍንጫውም ትንፋሹን ያዘ፤ እዚያ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ሳንባው ማስገባት ቀፈፈው።

«ትብረር አልልም» አላት ሩሐማን።

«ምን ጎድሏት? እንዲህ ሆና አታውቅም ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ከኋላ የሆነ ነገር አለ።»

«ምን አለ?»

ምን ይበላት? ብረት ውሻ በላ ይበላት? የፀጉሩን ድብልብል እንኳ ሊያሳያት ሲመለስ ከቦታው አጥቶታል።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። «አንተ ካላልክ ማኅበሩ ሌላ ባለሙያ አምጥቶ ያስብላል። እኔ መብረሬ አይቀርም። ያለ አንተ ምርቃት እንድሄድ ነው የምትፈልገው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አሰግደው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። እሷ ወደፊት እያየች ነው የምታበረው፤ ከጀርባዋ የሚመጣውን ማን ያይላታል? ያ ነገር ከኋላ ካለ፣ ወደ እሷ ለመድረስ ማለፍ ያለበት የመንገድ መሪውን ወንበር ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ሰው ነው።

«ትብረር» አለ በመጨረሻ። «ከኋላሽ እኔ እቀመጣለሁ።»

ሩሐማ አንጋጣ አየችው። ከዚያ እንደ ልጅነቷ ዝቅ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አሰግደው በጨለማው ክፍል ውስጥ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ባትሪውን በአንድ እጁ፣ ትልቁን መፍቻ በሌላው ይዞ ተቀመጠ። ባሩዱ ፈነዳ፤ ሞተሮቹ አጓሩ፤ መሬት ከሥራቸው ሸሸ። ብርሃኑን በየማዕዘኑ አዟዟረ፤ ምንም የለም። በጆሮ ማዳመጫው የልጁ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ። ወደፊትሽ እይ አንቺ።»

ከፍ ብለው ሲወጡ ጠረኑ መጣ። ያ ያልታጠበ አፍ፣ ያ የበሰበሰ ጥርስ፣ አሁን ከየትም ሳይሆን ከዙሪያው ሁሉ፣ በሞቃት ትንፋሽ መልክ፣ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ። መፍቻውን አንስቶ ወደ ኋላ ዞሮ ጠበቀ። ሲጠብቅ የተቀመጠበት ቆዳ ከሥሩ ሲረጥብ ልብ አላለም። ልብ ሲል ወንበሩ እስከ ወገቡ ውጦታል። ቀበቶውን ሊፈታ ቢታገል እንደ ሥጋ ለስልሶ፣ ዝልግልግ ብሎ ደረቱ ላይ ተጣብቋል፤ የመስኮቷ ጠርዞች ቀልተው ተሰበሰቡና ብርሃኑ ጠፋ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ያ ለብ ያለ ነገር በአየር መስጫው ቱቦ መጥቶ አፉን ሞላው፤ ጣዕሙን ያውቀዋል። ተጸየፈ፣ እንዲህ አድርጎ ሞትን እንኳ ተጸይፎ አያውቅም፤ ሊያስመልስ ሞከረ፤ የሚወጣበት ቦታ አልነበረም። በጆሮው ሩሐማ እያንጎራጎረች ታበር ነበር። ወደ እሷ አላለፈም፣ አለ በልቡ፤ እኔ ላይ ቆሟል።

መሬት ሲነኩ፣ ሞተሮቹ እያፏጩ ሲጠፉ፣ በሩ ሲከፈት ሁሉንም ሰማ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ጋሼስ?» አለ የቱሉ ድምፅ።

«ከኋላ የሚፈትሸው ነገር አለው። አትረብሹት፣ እናንተ ወደ ምሳው ሂዱ» አለች ሩሐማ።

ልጁ በሕይወት አለች። ከእሱ የቀረው ማንኛውም ነገር በዚያ ጨለማ ውስጥ በደስታ ተንቀጠቀጠ። የሰዎቹ ኮቴ ራቀ፤ የእሷ ብቻ ቀረና ዞሮ ከሥር ገባ። መዳፏ የደረቀውን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ዳሰሰው፤ አሰግደው ዳሰሳውን በገዛ ቆዳው ላይ አወቀው፤ ልጁም እሱን እንኳ አናግራው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ጠገብሽ፣ እሜቴ?» አለች።