ወይራ የታጠነ ካሜራ

«ይኼ ካሜራ ወተት ወተት ይሸታል» አለ ይሄነው፣ አፍንጫውን ሌንሱ ላይ ደቅኖ። «ዝናሽ፣ ፎቶ ታነሺበታለሽ ወይስ ታልቢበታለሽ?»

ዝናሽ አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን የአጎቷ ቀልድ ሆዷን ያስይዛት ነበር። አሁን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። ማሰሪያው ምንም አልሆነም። እጇ የሚሠራው ስላጣ ነው።

ይሄነው ደሴ ላይ ፎቶ ቤት አለው። ለሠርግ ቀረጻ መካነ ሰላም መጥቶ እህቱ ቤት፣ እነዝናሽ ጋ ነው ያረፈው። ካሜራው የእሱ ነበር፤ ስምንት ዓመት ሠርቶበታል። አምና አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእህቱ ልጅ ሰጣት። አሮጌ ቢሆንም ፉል ፍሬም ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ብርሃን የሚቀበለው የውስጥ ገበታው ሰፊ ነው ማለት ነው። ክብደቱም እንደ ስሙ ነው። ስልክ ይዞ ፎቶ አንሺ ነኝ የሚል ሁሉ አንድ ቀን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዋልና ከዚያ ያውራ።

ሲሰጣት ቃል ገብቶላት ነበር። ዓመት ሙሉ በደንብ ከያዘችው ሰማንያ አምስቱን ይጨምርላታል። ሰማንያ አምስቱ የሰው ፊት ለማንሳት የተሠራ ሌንስ ነው፤ ፊትን ያጠራል፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ጉም ያደበዝዛል። ዓመቱ ሞላ። ሌንሱ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ከረጢቱ ውስጥ ተቀምጧል። ዝናሽ ዓይኗን ከእሱ መንቀል አቅቷታል።

ይሄነው ሌንሱን ፈታና የካሜራውን አፍ ወደ መስኮቱ አዞረው። ውስጥ ያለው ትንሽ መስታወት ሻይ የተደፋበት መስሏል።

«ጭስ ነው» አለ። ቀልዱ ከድምፁ ጠፋ። «የወተት ቅል የሚታጠንበት ወይራ ነው ይኼ። ማነው ካሜራ ያጠነው?»

ያጠነችው እሷ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ሌንሱ ጠርዝ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አየችና ወደ ካሜራው ውስጥ እንዳይዛመት ፈራች። የጓደኛዋ የቀመር ቤተሰቦች ላም አላቸው። የቀመር እናት ቅሉ እንዳይሻግት በወይራ ሲያጥኑ ዝናሽ ስንት ጊዜ አይታለች። ስለዚህ እሑድ ዕለት ፍም ላይ የወይራ እንጨት ጣለች፣ ሌንሱን ፈታች፣ ካሜራውን ልክ እንደ ቅል አፉን ጭሱ ላይ ደፋችው። ያውም እያንጎራጎረች። ለቅል የሚበጅ ለመስታወትም ይበጃል ያላት ማን ነው? ማንም። ጠየቀች? አልጠየቀችም።

«ቅዳሜ ቀመር ጋ ነበር» አለች ዝናሽ።

እውነት ነው፤ ቅዳሜ ካሜራው ቀመር ጋ ነበር። ጭሱ ግን እሑድ ነው። ልጅቷ ከእውነቱ የሚጠቅማትን ቆርሳ አቀረበች፣ የቀረውን ደበቀች። እንዲህ ያለው ከደረቅ ውሸት ይከፋል።

«ቀመር? የሼህ ኸይሩ የልጅ ልጅ?» ይሄነው ራሱን ነቀነቀ። «እነሱ ቤት ላም አለ፣ ልክ ነው። በይ ስሚ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይኼ ካሜራ ለማንም አይሰጥም። ለሷማ ጭራሽ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ይሄነው ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈ። አቧራውን በጎማ መንፊያ አራገፈ። ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልሎ በማጽጃ ፈሳሽ ነካ አደረገና መስታወቱን ዳሰሰው፤ መጥረግ አይባልም፣ ዳሰሰው ነው የሚባለው።

«ነይ እዪ። ይኼ እንደ ቤት መስታወት አይደለም። የሚያንጸባርቀው ብር ከላይ ነው የተቀባው። ተጭነሽ ብትጠርጊው ይላጣል። አፍሽን ደግሞ አርቂልኝ፣ ምራቅም ከጭስ አይሻልም።» ቀና ሲል ፊቱ ትንሽ ፈታ ብሏል። «ሴንሰሩ፣ ብርሃን ተቀባዩ ገበታ፣ ተርፏል። ከፊቱ ያለው መጋረጃ ተዘግቶ ነበር። ዕድለኛ ናት ጓደኛሽ።»



በማግሥቱ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ቀመር ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጠበቀቻት። የነጠላ ጫፏን ፈትታ አንድ እፍኝ ትንንሽ ነጭ ከረጢቶች ዝናሽ መዳፍ ላይ ዘረገፈች። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት፣ እርጥበት የሚመጥጡት ናቸው።

«ገበያውን ዞሬ ለቀምኩልሽ» አለች። «አንዱ ነጋዴ ‹ልትበዪው ነው?› አይለኝም? ‹ጨው አልቆብን ነው› አልኩት።»

«ብዙ ነው ቀመር።»

«ካሜራ ቦርሳሽ ውስጥ ጨምሪው። የነገው አይቀርም አይደል? አባባ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ።»

አባባ የምትላቸው አያቷን ሼህ ኸይሩን ነው። ሰማንያን አልፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን ቁርአን አስቀርተዋል፤ ያስተማሯቸው ሰዎች የሌሉበት አገር የለም። ከመካከላቸው ፎቶ ያልለመናቸው የለም። እሳቸው ግን «ሊያየኝ የፈለገ ይምጣ» ብለው ይመልሱ ነበር። ዘንድሮ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ቀመርን ጠርተው፣ አንቺ ካነሳሽኝ እሺ፣ ሌላ ሰው ግን አልፈልግም፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሁን አሏት። ቀመር ቅዳሜ ካሜራውን የወሰደችው ለዚህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ላሟን ፎቶ ስታነሳ ዋለች፣ እጇ እንዲለምድ።

«አጎቴ መጥቷል…» አለች ዝናሽ።

«እና?»

«እንጃ። እናያለን።»

«ምኑን ነው የምናየው? አትፎግሪኝ ባክሽ» ብላ ቀመር ሳቀች። ደወሉ ተደወለና እየሮጠች ሄደች።

ዝናሽ ከሰዓት እቤት ገብታ ከረጢቶቹን ቦርሳው ውስጥ ለመጨመር ዚፑን ከፈተች። ከፍታም ቀረች። ቦርሳውን የሰፋላት ልብስ ሰፊው ጀማሉዲን ነው፤ ስፖንጅ ከየት እንዳመጣ እንኳ አልነገራትም፣ «ሂጂ፣ አንሺበት» ብቻ ነው ያላት። ትከሻዋን እንዳይቆርጣት የአንገት ማንጠልጠያውን በቆዳ ያጠናከረላት አባቷ ነው። ለሌንሱ መጥረጊያ እናቷ ከገዛችው መነጽር ጋር የመጣውን ጨርቅ ሰጠቻት። የቀረውን ደግሞ ቀመር። የካሜራው ማቆሚያ እግር ሲሰበር አናጢ ጋ ተሸክማ የወሰደችው ቀመር ናት። መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዛቸው ካሜራውን በራሷ ሻሽ ጠቅልላ፣ እሷን በባዶ ጭንቅላቷ ዝናብ የመታት ቀመር ናት። ካሜራው የኔ ነው ስትል ከርማ ነበር ዝናሽ። ሰው ሁሉ ያዋጣበትን ነው የኔ የምትለው።

ይሄነው ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የነገውን የመንገድ ጓዝ ይሸክፋል። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ያጠንኩት እኔ ነኝ። እሑድ። ቀመር ምንም አልነካችም።»

ይሄነው እጁን ከሻንጣው አነሳ።

«ትናንት ምን ያዘሽ?»

«ሌንሱን እንዳይነሱኝ ብዬ።»

«እኮ።» ሰማንያ አምስቱን ከጎኑ አንስቶ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። «ለጭሱ አይደለም፣ ይግባሽ። ልጅ ሆኜ እኔም ሌንስ በአረቄ ጠርጌ አውቃለሁ፣ ሙያውን ያስተማረኝ ጌታዬ ሊገርፈኝ ምንም አልቀረው። ይኼ ግን ደሴ ይመለሳል። ለከርሞ እንነጋገራለን።»

«እሺ። ነገ ካሜራውን ለቀመር…»

«ስጫት። ስሟ በክፉ ሲነሳ አልሰማች። እኔም አልነግራት።» ዚፑን ዘጋው። «የቀረው ያንቺ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት ሼህ ኸይሩ ግድግዳው ጥላ ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረዋል። ቀመር ካሜራውን አንስታ ተንበረከከች። ዝናሽ ከጎን ሆና ነጭ የዱቄት ጆንያ ወጥራ ይዛለች፤ ብርሃኑን በጥላው በኩል ባለው ጉንጫቸው ላይ ይመልሳል።

«ዝም ልበል ወይስ ላውራ?» አሉ ሼሁ።

«ያውሩ አባባ። ዝም ሲሉ የተቆጡ ይመስላሉ።»

«ተቆጥቼም ይሆናል። ጥርሴን ግን እንዳታሳዪብኝ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፣ እነሱም ተኳርፈዋል።»

ዝናሽ ስትስቅ ጆንያው ተንቀጠቀጠ። ሼሁም ልጅቷን አይተው ፈገግ አሉ። ቀመር ያቺን አላሳለፈቻትም፤ ካሜራው ጠቅ አለ።

አምጥታ አሳየቻቸው። ሼሁ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይኼ እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ናቸው። አባቴ ፎቶ የላቸውም፤ መልካቸው ጠፍቶብኝ ነበር።»

ካሜራውን ለቀመር መለሱላት። ኋላ ሼሁ መዳፎቻቸውን ዘረጉ። ዱዓ ሊያደርጉ ነው። በእነቀመር ግቢ ዱዓ ሲደረግ እስላም ክርስቲያን አይባልም፤ ዝናሽም ጆንያውን አስቀምጣ መዳፏን ዘረጋች።

«ዕቃዋን ለጓደኛዋ ያልሰሰተች፣ ልቧ ንጹሕ የሆነ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቃት» አሉ ሼሁ።

«አሚን» አሉ የቀመር እናት። «አሚን» አለች ቀመር፣ ከሁሉም ጮክ ብላ።

ዝናሽ አሚን አላለችም። ለምርቃት የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች።

ቀመር እስከ በሩ ሸኘቻት። ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች።

«አላህ ይስጥሽ ዝኑ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ አየሻቸው አይደል? አንቺ ባትኖሪ እኮ…»

ዝናሽ መንገዱን አየች። ካሜራውን ተቀብላ መሄድ ትችላለች። የሚያውቀው ሰው አንድ ነው፣ እሱም ጠዋት በደሴው መኪና ሄዷል።

«ምስጋናውን አቆዪው ቀመር» አለች። «ነይ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ እንቀመጥ።»

ቀመር ፊቷን አየቻትና ተቀመጠች። ዝናሽም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው» አለች።