እርሾ የተደፋበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፰ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማት ገባ። ከመልካ ወረር ወዲያ ባለው የጥጥ እርሻ መንደር ፀሐይዋ ገና በማለዳ ቆርቆሮውን ታጋግለው ጀመር፤ ከአዋሽ በተጠለፈው ቦይ ውኃው ጭቃ መስሎ ይወርዳል፤ አስካለማርያምም ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ሳለች ጎረቤቷ ንጋትወርቅ ቡሃቃዋን ተሸክማ ብቅ አለች። ሊጡን ከነእርሾው አፈር ላይ ደፋችው።

«አንቺ! ምን ነካሽ? አይጥ ገባበት እንዴ?»

«የለም እትዬ አስካለ፤ እንዲያው ይደፋ ብዬ ነው።»

«እንዲያው የሚደፋ እርሾ አለ? እኔ የራሴን ለማዳበር ስንት ቀን ለፍቻለሁ መሰለሽ!»

ንጋትወርቅ ፈገግ ብላ ቡሃቃውን በአመድና በአሸዋ ትፈትግ ጀመር። እርሷና ባሏ ቢሰጥ ከጎንደር ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ቢሰጥ በእርሻው ጋራዥ የብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜን ከሰው ጋር ተቀያይሮ እሑድ ይገባል እንጂ ነገር የማይወድ ጭምት ሰው ነው።

አስካለማርያም ግን ጭምትነትን ትፈራ ነበር። ባሏ አቶ ጉልላት በቀይ ሽብር ዘመን ናዝሬት ላይ ዐሥራ አንድ ወር የታሰረው እርሱ ባደረገው ነገር አልነበረም፤ አጠገቡ የተከራየው መምህር ወረቀት ሲበትን «አውቆ ዝም ብሏል» ተብሎ ነው። ሲፈታ ጠጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እርሷ ሦስት ልጆቿን አቅፋ ስትተኛ የምታዳምጠው የጎረቤቷን ግድግዳ ነው፤ መከራ ከዚያ በኩል እንደሚመጣ ታውቃለችና።

ማክሰኞ ንጋትወርቅ ቂጣ ጋገረች። ረቡዕም ቂጣ። በዚሁ ረቡዕ አስካለማርያም ዘይት ልትገዛ ከወሎዬው ነጋዴ ከከድሩ ሱቅ ገባች።

«እትዬ አስካለ፣ ጎረቤትሽ ሐጅ ልትሄድ ነው እንዴ?» አለ ከድሩ እየሳቀ። «ሃያ አምስት ኪሎ ስንዴ ወሰደችብኝ፤ ያውም ዱቄት አልፈልግም፣ ራሴ እፈጫለሁ ብላ። ሁሉንም ቂጣ አደረገችው አሉ። ወላሂ፣ እኛ በክፉ ቀን ከወሎ ስንሰደድ እንኳ ይህን ያህል ስንቅ አልያዝንም!»

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ አስካለማርያም ግን የዘይቱን ገንዘብ መልሳ በመቀነቷ ቋጠረች። ቂጣ የመንገደኛ ምግብ ነው፤ ሊጥ እስኪቦካ የሚጠብቅ ቤቱ የሚከርም ሰው ነው። በዚያ ወር ሁለት የትራክተር ነጂዎች በረሃውን አቋርጠው ወደ ጅቡቲ ኮብልለው ነበር፤ የጎረቤቶቻቸው ምርመራ ገና አላለቀም። «ነገ እነዚህም ሲጠፉ 'አንቺ የት ነበርሽ' እባላለሁ፤ ጉልላትን ዳግመኛ ይወስዱታል» አለች በልቧ። ዘይቱን እንኳ ሳትይዝ ከሱቁ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ ጓድ አምባዬ ሄደች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ያየሁትን ብቻ ልናገር ብዬ ነው።»

«ያየሽውን ንገሪኝ» አለ አምባዬ ወረቀት እየሳበ፤ «የማታውቂውን እኛ እናውቀዋለን።»

ነገረችው። ስንቅ ነው አለች፤ ፈረመችም።

በማግሥቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሕፅበተ እግሩ ተፈጽሞ ቅዳሴው ሲጠናቀቅ መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ ለምእመናኑ ቃል አሰሙ። «በሌላው ጊዜ የምንሠዋው ኅብስት እርሾ አለበት፤ የዛሬው ግን ናዕት ነው፤ ያልቦካ ቂጣ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ አልጠበቁምና፤ ጌታችንም በዚህች ቀን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የበላው የአባቶቹን ፋሲካ ነውና» አሉ። አስካለማርያም ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ቀን ስታስቀድስ ኖራለች፤ ቃሉ ከጆሮዋ አልፎ ልቧ የገባው ግን ያን ቀን ነው። ሕዝቡ ሲበተን ቀርባ ከጎናቸው ቆመች።

«መሪጌታ፣ ዛሬም እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ይኖራሉ?»

«ደምቢያ ሳለሁ በዓይኔ አይቻለሁ ልጄ። እኛ ፈላሻ እንላቸዋለን፤ እነርሱ ቤተ እስራኤል ነን ይላሉ። በፋሲካቸው ሰባት ቀን እርሾ የሚባል ከቤታቸው አይገኝም፤ ዕቃው ሁሉ ይታጠባል።»

«ለመንገድ... መንገድ ሊሄዱ አይደለም?»

«የምን መንገድ! የጥንት አባቶቻቸው የሄዱትን መንገድ ሊያስቡ ነው እንጂ። ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ጾሙ ነው፣ መሪጌታ።»

በአቧራው መንገድ እየሮጠች ቀበሌ ደረሰች። አምባዬ ሳይነሣ ሰማት።

«ትናንት ስንቅ ነው ብለሽ ፈረምሽ፤ ዛሬ በዓል ነው ትያለሽ። የትኛውን ልመን? ወረቀቱ እንደሆነ አዋሽ ከተማ፣ ደኅንነት ቢሮ ገብቷል።» ከዚያም ንጹሕ ወረቀት ገፋ አድርጎ እስክሪብቶውን በላዩ አኖረው። «ካሻሽ እንካ፤ 'አብዮቱን በሐሰት አሳስቻለሁ' ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። ጓድ ጉልላትንም እናስጠራዋለን፤ የርሱ ዶሴ ዱሮም አለን።»

እስክሪብቶው ከእጇ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ተመለከተችው፤ የባሏን ነጭ ጠጉር አሰበች፤ ሦስቱን ልጆች አሰበች።

«እንግዲያ ይቅር» አለች።

ስትወጣ ከአዋሽ የመጣው ላንድሮቨር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቢሰጥን የብየዳ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ጭነውት ሄዱ።

ማክሰኞ ጧት፣ የክርስቲያኑ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ንጋትወርቅ ጣሳ ይዛ ከአስካለማርያም ደጃፍ ቆመች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እትዬ አስካለ፣ እርሾ ብትሰጭኝ። የኔን ደፍቼው የለ? ቢሰጥ ሲመለስ እንጀራ ይናፍቀዋል።»

«ስጪኝ ጣሳውን» አለች አስካለማርያም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከአንቺ እንደማይወጣ ስለማውቅ ነው። ሊጡን የደፋሁት በዓላችን ሆኖ ነው። ቢሰጥ 'ዘንድሮ ይቅርብን፣ ሰው ዓይን ውስጥ እንገባለን' ብሎኝ ነበር፤ 'ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናት፣ ምን ትፈራለህ' ያልኩት እኔ ነኝ።»

አስካለማርያም ጣሳውን እስኪፈስ ሞላችው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ «አይዞሽ» የምትል ቃል ብቻ ወጣች።

ቢሰጥ አልተመለሰም። ንጋትወርቅ እስከ ሐምሌ ድረስ አዋሽ እየተመላለሰች በእስር ቤቱ በር ጠየቀች፤ «እዚህ የለም» ከማለት በቀር የነገራት አልነበረም። ከዚያም አንድ ቀን ቤቷ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወደ ጎንደር ሄደች ያለ አለ፤ ሱዳን ገባች ያለም አለ። አስካለማርያም በዚያ መንደር ሰባት ዓመት ኖረች፤ ጸሎተ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ቆማ ታስቀድስ ነበር፤ ጉልላት ምክንያቱን ቢጠይቃት ሙቀቱን ታመካኝ ነበር።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በሱዳን በረሃ በእግሩ የተጓዘውን የቤተ እስራኤል ሕዝብ ጽፈዋል፤ በመንገድ የወደቁትን፣ በአውሮፕላን የተሻገሩትን ጽፈዋል፤ መጻፋቸውም ደግ ነው። ከመልካ ወረር ወዲያ ስለ ነበረው የብየዳ ሠራተኛ ግን የቀረው በእርሻው ዶሴ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ «ከሚያዝያ ፲፩ ቀን ጀምሮ በራሱ ፈቃድ ሥራ ለቋል።» መስመሯ ሐሰት እንደሆነች የምታውቅ ሴት ነበረች። ታሪክ አልጠየቃትም፤ እርሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም፤ በዕድሜዋ ሳትጠየቅ የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነበርና።