የጾም ቀሚስ፣ የፍስክ ቀሚስ

ሄኒ ያለውን ዘአማኑኤል ቃል በቃል ያስታውሰዋል። ቀኑ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። ከባንዲራ ሰልፍ ተመልሰው ወደ ዘጠነኛ ክፍላቸው ሲገቡ ሄኒ በሩ ላይ ቆሞ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «ዘኑ፣ የሁዳዴው ልጅ የታለ? ዋጥከው እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሰብሊም ሳቀች። የሌሎቹን ይቅር ሊል ይችል ይሆናል፤ የሷን ግን አይችልም። ፊቷን በደብተር ሸፍና ነበር የሳቀችው፤ እንዳላያት መስሏት።

ዘአማኑኤል እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። አምስተኛ ክፍል ሳለ «ጎማ» ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል። የላንቻዋ አክስቱ እንግዳ ፊት «ይሄን ልጅ በሩ ሊጠበው ነው እኮ» ስትል የትኛው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ሳይቀር ያውቃል።

ደግሞ እኮ ቀንሶ ነበር! ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በቀበቶ ነበር የሚያስረው። ሰው የማያመሰግኑት የግቢው ሽማግሌ ጋሽ ተከስተ እንኳ «ጎበዝ፣ ሸንቀጥ አልክ» ብለውታል። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዱለቱ፣ የአክስቶች ጥሪ። «ብላ እንጂ፣ ጾም እኮ ጎዳህ!» ያላለው ሰው የለም። አብልተው አብልተው ሲያበቁ ደግሞ ይስቁበታል።

ሄኒ በቀለደበት ማግስት እንደገና መጾም ጀመረ፤ በድብቅ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነዋ! ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እናቱ ወይዘሮ ትርሓስ ብታውቅ አትለቀውም። ቁርሱን «ረፈደብኝ» እያለ ይዘላል፤ ምሳ ዕቃውን አጠገቡ ለሚቀመጠው ለአታክልቲ ይሰጣል። አታክልቲ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይደለም፤ ጠርጎ ይበላና ዕቃውን አጥቦ ይመልሳል። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ዘአማኑኤል ቤት ይገባና ከድስቱ ጋር ይፋጠጣል። ሱሪው ግን አሁንም አልቆለፍ አለ። ይባስ ብሎ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኑ ጨልሞበት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ያጋለጠው ያው አታክልቲ ነው። ቅዳሜ ዘአማኑኤል ከእናቱ ጋር ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳቦ ቤቱ ጋ አገኛቸውና በሙሉ ልቡ፣ «ማዘር፣ የእርስዎ አልጫ እኮ በቃ ሌላ ነው! የሐሙሱማ፣ ማለቴ፣ ነፍስ ነበር!» አላት።

«የቱ አልጫ?»

አታክልቲ ዘአማኑኤልን አየ። ዘአማኑኤል አስፋልቱን አየ።

ቤት ሲገቡ እናቱ አልጮኸችም። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ለማን ነው የምትጾመው? ለእግዜር እንዳትለኝ፤ እሱ ብሉ ያለበት ጊዜ ነው።»

«ለሄኒ» ማለት አፈረ። ኋላ ግን ሰኞን፣ በሩን፣ የሰብሊን ደብተር፣ ሁሉንም ነገራት። ሰምታው ስታበቃ ተነስታ ቁም ሳጥኗን ከፈተች።

«ይሄ የጾም ቀሚሴ ነው» አለች ጠባቡን እያሳየች። «ይሄ የፍስክ። በየዓመቱ ሁዳዴ ላይ እቀንሳለሁ፤ ሰኔ ሳይገባ እዚህኛው ውስጥ ነኝ። መሥሪያ ቤት ‹ትርሓስ ተመለሰች› ይሉኛል። አንተን ብቻ የሚሉህ መሰለህ?»

«እና ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ። ይኸው ስንት ዘመኔ!» ሁለቱም ሳቁ። «በቃ ቁርስህን ብላ። ማታ እኔም አንተም የሚበቃንን አንዴ እናነሳለን፤ ድስቱ ጋ አንመለስም። ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ያው። ደግሞ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የነበረውን ሳምቡሳ አላየሁም እንዳትል፤ አይቼሃለሁ።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚቀንሰው?»

«ቀስ ብሎ።»

ቀስ ብሎ! ሄኒ እስከ ክረምት ሲስቅበት ሊከርም ነው ማለት ነው። ያንገበገበው ይሄ ነው። ሃምሳው ቀን ሳያልቅ ቀጥኖ ታይቶ አፉን ሊያስይዘው ነበር ያሰበው። እሁድን ሙሉ ለሄኒ የሚሆን መልስ ሲያበጅ ዋለ፤ ሄኒ ስምንተኛ ክፍልን ስለደገመበት ዓመት፣ የፈተና ውጤት የተነገረ ቀን ሽንት ቤት ገብቶ ስላለቀሰው ለቅሶ። ጥሩ መልስ ነበር። ደም የሚያወጣ።

ሰኞ ቁርሱን በልቶ ሄደ። በምሳ ሰዓት ዕቃውን ወደ አታክልቲ አልገፋም፤ አታክልቲም ቅር ሳይለው የራሱን ፓስታ ከፈተ። ዘአማኑኤል በልቶ ሳይጨርስ ሄኒ ከተፍ አለ።

«አቦ! ዘኑ ጾም ፈታ እንዴ? ቀስ ጀለስ፣ ዕቃውን እንዳትበላው!»

ሰብሊ ከወዲያኛው ዴስክ ቀና አለች። መልሱ ዘአማኑኤል ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ቢያወጣው ክፍሉ በሄኒ ይስቃል። ሄኒም አይረሳውም፤ ማን እንዳለው፣ መቼ፣ ማን ፊት።

የቀሩትን ሁለት ጉርሻዎች ሳይቸኩል በላ። ዕቃውን ከደነ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ሄኒ ዴስኩን መታ መታ እያደረገ።

ዘአማኑኤል ተነሳ። በአጠገቡ አልፎ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ።