የሐጂ ዓብዱልመጂድ የመጨረሻ ቃል

«ዘገየሽ እኮ። ዛሬ የምታሺው እጅ የለም» አለች ሹኩሪያ በሩ ላይ እንደቆመች።

ኢንስፔክተር ሮሆቦት ለአፍታ ግራ ተጋባች። ከዚያ ሴትዮዋ የሐጂን እጅ ከምታለማምደው ባለሙያ ጋር እንዳምታታቻት ገባት።

«እኔ ከፖሊስ ነኝ፣ እትዬ።»

ሹኩሪያ ሻሿን አጠበቀችና መንገድ ለቀቀችላት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አምቦ ላይ ጨርቅ የሸጡት ሐጂ ዓብዱልመጂድ ከጓሮው የእንጨት ደረጃ ግርጌ በጋቢ ተሸፍነው ተጋድመዋል። መኝታቸው ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ባለቤታቸው ሹኩሪያ ከፊት ሱቁን ስትከፍት፣ በጓሮ በኩል ከእሳቸው ጋር የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አስታማሚያቸው ሲንቄና ትናንት ማታ ከወራቤ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ቡርሃን። ሲንቄ አሁን የፖሊስ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጣለች። ያስያዛት ቡርሃን ነው።

«ስደርስ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር» አለ ቡርሃን። «‹ሲንቄ ገፋችኝ፤ ሹኩሪያን አደራ› አሉኝ። በዚያው ዝም አሉ።»

«አነጋገራቸው ጥርት ያለ ነበር?»

«እንደ ድሯቸው ነዋ። ማታ ሰላም ተባብለናል። ሱብሂ ሲሰግዱም በጣውላው ግድግዳ ሰምቻቸዋለሁ፤ ቁርአኑን አንድ ቃል አልሳቱም።»

ሮሆቦት መቀመጥ አልሆነላትም። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ መልሳ ወጣች። ከዚያ ወደ ፒክአፑ ሄዳ በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ሂን ሶዳቲን፣ ሲንቄ።»

«አልፈራሁም። ተናድጄ ነው» አለች ሲንቄ። «ቡርሃን ፎቅ ላይ ሲጮህ ሰማሁ፤ ወዲያው የሚወድቅ ነገር። ይህን ለፖሊሱ ስናገር ነው እሱ የእኔን ስም ያነሳው።»

«ሐጂ ስምሽን ይጠሩ ነበር?»

«አንድ ቀን እንኳ ጠርተውኝ አያውቁም። ‹ደህና› ነው የሚሉኝ። ሾርባው ሲጥማቸውም ደህና፣ ሲያቃጥላቸውም ደህና።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

ሮሆቦት ስለ ሐጂ አነጋገር ሹኩሪያን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ካመመው ወዲህ እንዲያ ነው» አለች ሹኩሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለዘመዶቹ እጁ ደከመ ብቻ ነው ያልኳቸው። አንደበቱ ተያዘ ብል ወደ አገር ይወስዱብኝ ነበር። በስልክ ሰላምታ ይመልሳል፣ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ቡርሃንን አመኑት?»

«አላህ በመጨረሻ ምላሱን ቢፈታለትስ? ስሜን ጠርቷል እኮ፣ ልጄ።»

ሮሆቦት ስልኳን አወጣች። ሐጂን ሲያክሙ ለነበሩት ለዶክተር ታደሰ ደወለች።

ዶክተሩ እንደመጡ ሁሉም በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ተሰበሰቡ። ሲንቄንም ከፒክአፑ አወረዷት። ውጭ ባጃጆች ያለ ዕረፍት ጥሩንባ ይነፋሉ።

«ማን ገፋቸው ከማለታችን በፊት፣ ያን ቃል መናገር ይችሉ ነበር ወይ እንበል» አለች ሮሆቦት።

ዶክተሩ መዳፋቸውን ከግራ ግንባራቸው ጎን አሳረፉ። «ስትሮኩ የጎዳቸው እዚህ ነበር። የግራው አንጎል የቀኙን ጎን ስለሚያዝ ቀኝ እጃቸው ደከመ። አዲስ ዓረፍተ ነገር የምንገጣጥመውም በዚሁ ክፍል ነው። በቃል የተያዘ ነገር ግን፣ ዱዓም ሆነ ሰላምታ፣ በሌላ መንገድ ይወጣል፤ የቀኙም አንጎል ያግዘዋል።»

«ራሱ ወድቆ ቢሆንስ?» አለች ሹኩሪያ።

«ሚዛን የሚጠብቀው ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ነው። የሳቸው ደህና ነበር፤ ደረጃውንም በየቀኑ ይወርዱ ነበር።»

«ምላሱስ በድንጋጤ ቢፈታ?»

«አንድ ቃል ሊያመልጥ ይችላል፣ እትዬ። ክስና አደራ ተገጣጥሞ አይወጣም።»

ሹኩሪያ ፊቷን ወደ ጥቅሎቹ አዞረች።

«ቡርሃን» አለች ሮሆቦት፣ «የዚህ ቤት ሰው ለሐጂ ቃል ቢፈጥር፣ እንዲህ ያለ ረጅም ቃል አይፈጥርም። አንተ ግን አንደበታቸው መያዙን አታውቅም ነበር። ሲንቄ ጩኸትህን ስለሰማች አፏን ማዘጋት ነበረብህ። ምን ጠይቀሃቸው ነው የጮህከው?»

ቡርሃን ከጨርቅ ጥቅሎቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ። አባቴ የለም፤ ያለ እሳቸው ልጅቷን አይሰጡኝም። ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። ‹ደህና፣ ደህና› ይሉኛል። ያን ሁሉ ቁርአን የቀራ አንደበት ለእኔ ሲሆን መልስ አጣ? የናቁኝ መሰለኝ። ከደረጃው ጫፍ ገፋኋቸው።»

ሹኩሪያ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «እኛ የምንለውንስ ይረዳ ነበር?»

«የሰማነውን የምንረዳበት ክፍል ከግራ ጆሮ በላይ፣ ወደ ኋላ ነው። እሱ አልተነካም። ሁሉንም ይረዱ ነበር።»

«እንግዲያ ‹ደህና› ሲልህ እሺ ማለቱ ነበር» አለች ሹኩሪያ ለቡርሃን።

ፖሊሶቹ ቡርሃንን ወደ ጣቢያ ወሰዱት። ሲንቄ እስከ ቀብሩ ከሹኩሪያ ጋር ቆየች፤ ከዚያ ጌዶ ወዳለው የእናቷ ቤት ሄደች።