አራተኛው ድምፅ

አራተኛው ድምፅ ሲጨመር ገጹ ዲዳ ሆነ።

ፌንጣ የሚሏት ልጅ ቁልፉን ተጫነች። ዝም። ጆሮዋን እንደ ሐኪም ወደ ላፕቶፑ አስጠጋች፤ ትንፋሽም የለ። ቅድም ገጹ ላይ ሦስት ሳጥን ብቻ ሳለ ግን የተቀዳው የአባቷ ሳቅ ጣሪያውን አንሥቶ መልሶ አስቀምጦት ነበር።

ድረ ገጹን የሠራችው ለአያቷ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ በደህናው ጊዜ ጥሩምባቸውን ሲነፉ ተራራ ዞር ብሎ መንገድ ይለቅላቸው ነበር ይባላል። እንዲህ የሚሉትም ራሳቸው ናቸው። አሁን ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ሳሎን ተኝተዋል። «ካላየሁ እንኳ የልጆቼን ድምፅ ልስማ» ስላሉ፣ ለየዘመዱ አንድ ሳጥን አበጀች። የሳጥኑን ትልቅ ቁልፍ ሲጫኑት ድምፁ ይናገራል፤ ደግመው ሲጫኑት ያቆማል።

አራተኛው ድምፅ የአክስቷ ነው። ከአባቷ ጋር በአንድ አሮጌ ሶፋ የተነሣ ተኳርፈዋል፤ በዚያ ሶፋ ምክንያት በወንድምና በእህት መካከል የተዘረጋውን ዝምታ በእግር ቢሄዱት አያልቅም። አባቷ ድምፅዋን ቤት ውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚል ፌንጣ አታውቅም።

«ኮምፒውተሩም አኮረፋት» አለ ታላቅ ወንድሟ ከአልጋው ላይ። «አውጪያት፣ ተገላገይ። በሦስት ይሠራ የለ እንዴ?»

«እሷ ልጃቸው አይደለችም?»

«ናት፤ ግን አባዬ ከሥራ መምጫው ደርሷል። አቦ፣ ነገር አትፈልጊ።»

አወጣቻት። ሠራ። ከዚያ፣ እልህ ይዟት፣ አክስቷን መልሳ አባቷን አወጣች። አሁንም ሠራ።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አለች።

ክፍሉ እየጨለመ ነበር። ሁለቱም እኩል ብድግ ብለው ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ተጋጩ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አብርቼው ነበር እኮ፣ ምን ሆነሻል?»

«እኔም እያበራሁ ነበር» አለችና እጇ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ገጹን የሚያዘጋጀው ሰርቨሩ ነው። እያንዳንዱን ሳጥን ሲሠራ፣ ሳጥኑ ስክሪፕቱን፣ ማለትም ቁልፎቹን ማዳመጥ የሚያስተምረውን ፋይል፣ ለራሱ ያዛል። አራት ሳጥን፣ አራት ትእዛዝ። ገጹን የሚያሳየው ብሮውዘር ታዝዞ ያንኑ ፋይል አራቴ ያመጣል፤ አንዷ ጠቅታም አራቴ ትሰማለች፦ ተናገር፣ አቁም፣ ተናገር፣ አቁም። በሦስት ሲሆን መጨረሻው «ተናገር» ነው፤ በአራት ግን «አቁም»።

«አራቱም አንድ ማብሪያ ላይ ተረባርበዋል» አለች በጨለማው።

ወንድሟ መብራቱን አበራና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰርቨሩ ላይ፣ ስክሪፕቱ ለገጹ አስቀድሞ ታዝዞ ከሆነ ዳግም እንዳይታዘዝ የሚከለክል አጭር መስመር ጻፈች። ሳጥኑ መቶም ይሁን ሺህ፣ ፋይሉ አንዴ ብቻ ይመጣል። አባቷን መለሰችና አክስቷን ከእሱ ቀጥሎ አስቀመጠቻት።

ላፕቶፑን ይዛ ሳሎን ገባችና የአያቷን ጣት የአክስቷ ሳጥን ቁልፍ ላይ አሳረፈች።

«አባባ» አለ የአክስቷ ድምፅ፣ «ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው። ወንድሜ በሩን ከከፈተልኝ።»

በሩ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አባቷ ነው፤ ቦርሳው ገና ትከሻው ላይ ነው። አልገባም፤ አልወጣምም።

አያቷ አላዩትም። «ምን አለች ይቺ ልጅ?» አሉ ፈገግ ብለው። «የመጨረሻዋን በደንብ አልሰማኋትም።»

ፌንጣ አባቷን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል። ላፕቶፑን መክደን ትችል ነበር።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና የአያቷን ጣት ቀስ ብላ ወደ ቁልፉ መለሰች።